በአፍንጫ የሚታረም ፈተና

እኔ ፈሪ ነኝ። በልጅነቴ ክብሪት ስጭር ዓይኔን እጨፍን ነበር፤ ኬሚስትሪ ማጥናቴን ቤተሰቦቼ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ነው የሚያወሩት። ጂዳ ለማስተማር ስሄድም ፍርሃቴን ይዤው ሄድኩ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ከቦርሳዬ መኖሩን በየደረጃው እየቆምኩ የምዳብስ፣ የአንገቴ ማተብ ከአባያ ቀሚሴ ሥር ብቅ እንዳይል በየመስታወቱ የማይ፣ የመምሪያው ጸሐፊ ስሜን በጠራች ቁጥር ኮንትራቴ የተቋረጠ የሚመስለኝ ሴት ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሰው ፈታኝነት ይስማማዋል። ሁሉ ነገር አስቀድሞ እንዲጻፍ፣ እንዲለካና እንዲደገም ይፈልጋል።

የማስተምረው አረንጓዴ ኬሚስትሪ የሚባለውን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ተማሪዎቼ ስለ ዛፍ የሚወራ መስሏቸው ነበር፤ አንዷ የመጀመሪያ ሥራዋን በአረንጓዴ ወረቀት አትማ አምጥታልኛለች። ነገሩ ግን ቀላል ነው። መርዝ ሠርቶ ጓንትና ጭምብል ከማብዛት መጀመሪያውኑ መርዙን አለመሥራት ይሻላል የሚል ትምህርት ነው። ለፈሪ ሰው የተፈጠረ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል፤ የወደድኩትም ለዚህ ይመስለኛል።

ያስቸገረኝ ምዘናው ነበር። በወረቀት ፈተና ሁሉም መርሆቹን አሳምረው ይጽፋሉ። ቤተ ሙከራ ሲገቡ ግን የተረፋቸውን አሴቶን ዞር ብለው ወደ ማጠቢያው ይደፉታል። ተናድጄ ሌላ ዓይነት ምዘና አወጣሁ። ከቤታችሁ አንድ የጽዳት ሥራ ምረጡ፤ ለሥራው የሚውለውን አደገኛ ኬሚካል ባነሰ አደገኛ ተኩ፤ በእኩል ሁኔታ ሦስት ጊዜ ሞክሩ፤ ውጤቱን በቪዲዮ አስደግፋችሁ ክፍል ውስጥ አቅርቡ አልኳቸው። ምንም ነገር ከበረኪና ጋር እንዳይቀላቀል በደማቁ ጻፍኩ። በመመዘኛዬ በጣም ኮርቼ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልታየኝም፤ ተማሪዎቼ ቤታቸውን አያጸዱም።

ያ ጊዜ ከአገር ቤት ሠራተኛ እንደ ጉድ የሚጎርፍበት ጊዜ ነበር። ለእረፍት ሄጄ ስመለስ አውሮፕላኑ አንድ ዓይነት ሻርፕ በተከናነቡ ልጆች ይሞላል፤ ቀበቶውን እንዴት እንደሚያስሩት አሳያቸዋለሁ፣ ጂዳ ስንደርስ እነሱ በአንድ በር እኔ በሌላ በር እንወጣለን። ተማሪዎቼም «ዶክቶራ፣ የኛዋም ከእርስዎ አገር ናት» ይሉኝ ነበር። በቅንነት ነው የሚሉት። ፈገግ ብዬ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ።

ዕለቱ ረቡዕ ነው። ያኔ የሳምንቱ እረፍት ሐሙስና ዓርብ ስለነበር ረቡዕ ቀትር ላይ የሁሉም ልብ ከግቢ ወጥቷል። ልታቀርብ የተነሳችው ተማሪዬ ከሳፋ ሰፈር የምትመጣ፣ ሥራ የማትወድ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ስታረፍድ ተምር ይዛ ስለምትገባ ተቆጥቻት አላውቅም። የመረጠችው የመታጠቢያ ቤታቸውን፣ እነሱ ሃማም የሚሉትን፣ ግድግዳ ነው። የጂዳ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ሸክላው ላይ ቢጫ ቅርፊት ይጋገራል፤ ያን ለማስለቀቅ ጠንካራ አሲድ ይጠቀማሉ። እሷ በዚያ ፋንታ የሎሚ ጨው አደረገች፤ ለጣፋጭና ለጃም ከወጥ ቤት የማይጠፋው ነጭ ዱቄት ነው። አሲድ ነው ግን የዋህ አሲድ ነው። ምርጫዋን ወድጄላት ነጥብ መጻፍ ጀምሬ ነበር።

ቪዲዮውን ከፈተችው። ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቁማ ትታው ሄዳለች መሰለኝ፣ የሚታየው ግድግዳውና ጨርቅ የያዙ ሁለት እጆች ብቻ ናቸው። እጆቹ ጓንት የላቸውም። የሎሚ ጨው በሞቀ ውሃ ይረጫል፣ ይታሻል። ከዚያ እጆቹ ከምስሉ ወጡ፤ አንድ የሴት ድምፅ ለራሷ የምታወራውን በአማርኛ ሰማሁ።

«ቢስሚላህ። ይኼ ውሃ ብቻውን ምን ሊያጸዳ ነው? በረኪና ጠብ ላርግበት እንጂ። ካልሸተተ ማዳም አትለቀኝም።»

የሚንዶቆዶቅ ነገር ተሰማ። ቆይቶ ሳል መጣ፤ አንድ ጊዜ የሚያልፍ ሳል አይደለም፣ የሚደራረብ ነው። «እፍ፣ አፈነኝ ያ ረቢ» አለች። እጆቹ ተመልሰው ያሻሉ። ግድግዳው እንደ ወተት ነጣ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ፤ የልጅቷን ማጉረምረም እንደ ዘፈን ነገር ቆጥረውት ሁለት ሦስቱ ሳቁ።

እኔ እስክርቢቶዬን አስቀመጥኩ። አሲድ በረኪና ላይ ሲፈስ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይለቀቃል፤ የዋህ የተባለው አሲድም ይለቅቀዋል። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከእርጥበቱ ጋር ያቃጥላል። ይህን የማላውቅ ብሆን ኖሮ የዚያን ቀን ደስ እያለኝ እውል ነበር።

«ሁለተኛውም እንዲሁ ነው» አለች ተማሪዬ በኩራት።

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው ዛሬ ነው፣ ዶክቶራ። መካ፣ ሟች አያቴ ቤት። እናቴ ሠራተኛችንን ጠዋት ይዛት ሄዳለች። የዚያ ቤት ሃማም የባሰ ስለሆነ የሎሚ ጨዉን እጥፍ አድርጊው ብያታለሁ። ሙቀቱ እንዳይለዋወጥም በሩን ዘግታ ነው የምትሠራው፤ እኩል ሁኔታ ብለዋል አይደል?»

በሌላ ቀን ቢሆን ሌላ ቤት፣ ሌላ ግድግዳ፣ ሌላ መጠን እኩል ሁኔታ አይባልም ብዬ ነጥብ እቀንስ ነበር። «መስኮት አለው?» አልኳት።

«ሃማሙ? የለውም።»

«መቼ ነው የምትጀምረው?»

«ከዙህር ሶላት በኋላ።» የዙህር አዛን የተሰማው ገና ቪዲዮው ሳይከፈት ነበር።

ክፍሉን በትኜ ወደ ኮሪደሩ ወሰድኳት። ሠራተኛዋ የምታደርገውን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። እናቷ ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ ውስጥ ስትሆን የስልኳን ድምፅ ታጠፋለች፣ የዐስርን ሶላት ሰግዳ ነው የምትወጣው አለችኝ። ለሠራተኛዋ ደውይ አልኳት። የሠራተኛዋን ስልክ እናቷ ይዛዋለች፤ ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው የምትሰጣት። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። በሩስ?

«እናቴ ከውጭ ትቆልፈዋለች» አለች ቀስ ብላ። «እኔም ቁልፍ አለኝ።» ቦርሳዋን ከፍታ አሳየችኝ።

ወደ መካ ሊወስዳት ሹፌራቸው በር ላይ ይጠብቃት ነበር፤ ሽበታም ሱዳናዊ ነው፣ ተማሪዬ ዓሚ ትለዋለች፣ አጎቴ እንደማለት። ነገሩን በሁለት ቃል ነገርነው። ሞተሩን እያስነሳ ለመካ ድንገተኛ እርዳታ ደወለ፤ ቤቱ ያለበትን ዳገት በመስጊዱና በዳቦ ቤቱ ምልክት አስረዳቸው። እንልካለን፣ እናንተም ቁልፉን ይዛችሁ ድረሱ አሉት። እኔ ደግሞ ሳላስበው ከኋላ ተቀምጬ በሩን ዘግቻለሁ። ልጅቷ ራሷን ካልሳተች አማርኛ የሚያናግራት ሰው ያስፈልጋል ብዬ ነው፤ ሌላው ምክንያት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ መጠበቅ ስላልቻልኩ ነው።

በመንገዱ ላይ ትምህርቱን እንደ አዲስ አስተማርኳት። ስትደርሺ ዘልለሽ አትግቢ። የሃማሙን በር ክፈቺና ወደ ኋላ ሽሺ። አፍሽን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኚ፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ ጎትተሽ አውጫት። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል፤ ወደ ጣራ አውጫት እንጂ ወደ ምድር ቤት አትውረጂ። ፊቷንና ዓይኗን በብዙ ውሃ እጠቢ። እየደገመች ትመልስልኝ ነበር፣ አንድም አልተሳሳተችም። በመጨረሻ «ነይ፣ ውጪ» የሚለውን በአማርኛ አስጠናኋት። «ነይ፣ ውጪ፣ ነይ፣ ውጪ» እያለች መስታወቱን ትመለከታለች፤ እንባዋ ይወርዳል። እኔም ፈርቼ እንደሆነ እንዳታውቅብኝ እጄን ቂጤ ሥር አድርጌ ተቀምጬበታለሁ።

ሰማያዊ የመንገድ ምልክት ከሩቅ ታየ። መንገዱ እዚያ ጋ ይከፈላል፤ ወደ መካ የሚወስደው ለሙስሊሞች ብቻ ነው፣ ሌላው ሰው ዞሮ ይሄዳል። ስንነሳ ይህን ረስቼው ነበር ብል ማን ያምነኛል? አልረሳሁትም፤ እስክንደርስ ድረስ ላስበው አልፈለግኩም። የመኪናው መስታወት ጥቁር ነው፣ ቤተሰብ የያዘ መኪና ብዙ ጊዜ አይቆምም። ከቆመ ግን ኢቃማዬ ላይ ሃይማኖቴ ተጽፏል። እኔን ቢያስሩኝ እኔ ነኝ፤ መኪናውን ከነቁልፉ ቢይዙትስ?

«ዓሚ፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ያቁሙልኝ» አልኩ። «እኔ ከዚህ ማለፍ አልችልም።»

ተማሪዬ ዞረች። «ለምን?»

«ክርስቲያን ነኝ።»

አባያና ሻርፕ ስላየችብኝ አስባው አታውቅም። ሹፌሩ በመስታወት አየኝና ማደያው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ተማሪዬ እጄን ይዛ «ብቻዬን፣ ዶክቶራ?» አለች። ብቻሽን አልኳት። ሹፌሩ «አብሽሪ ዶክቶራ፣ ተመልሼ እወስድሻለሁ» ብሎኝ ሄዱ።

የሴቶች መስገጃ ክፍል ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ውስጥ መግባት አልደፈርኩም፣ ውጭ መቆምም አልደፈርኩም። ነፋሱ እንደ ምድጃ ይጋረፋል። አንድ ሰው መኪናውን ነዳጅ እየሞላ አተኩሮ ሲያየኝ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ፤ ከማንም ጋር አላወራም። እውነት ለመናገር ለራሴም ፈራሁ። ግን ሁሉን የሚበልጠው ያ ሳል ነበር። እጆቿን አይቻለሁ፣ ሳሏን ሰምቻለሁ፣ ፊቷን አላውቀውም። አሁን ወድቃ ይሆን? በሩን ለመክፈት ሞክራ ይሆን? ጓንት ያላደረጉት እጆች መሬት ላይ ተዘርግተው ይታዩኛል። እመቤቴን ለመንኩ፤ በመካ መንገድ ላይ፣ ከንፈሬ ሳይነቃነቅ።

ስልኬ ሲጮህ ሊወድቅብኝ ነበር። ተማሪዬ ናት፤ ታለቅሳለች፣ የምትለው አይሰማም። «ትተነፍሳለች ወይ?» አልኳት በኃይል።

«ትተነፍሳለች። ኮሪደሩ ላይ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ተቀምጣ አገኘኋት። አሁን ጣራ ላይ ነን። የእርዳታ ሰዎቹ ኦክስጅን አድርገውላት ነበር፤ ጉሮሮዋ ተቃጥሏል፣ ከባሰባት ሆስፒታል አምጧት አሉ። ያናግሯት፣ ትለምነኛለች፣ አልገባኝም።»

ድምፁ መጣ፤ ያው ድምፅ ነው፣ ሻክሯል።

«እትዬ፣ አማርኛ ነው የሚናገሩት?»

«አዎ እህቴ። እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። ደረቴን ይወጋኛል እንጂ ደህና ነኝ። እትዬ፣ ለማዳም ልጅ ለብንቷ ይንገሩልኝ፣ ትልቀቀኝ። ሃማሙ አላለቀም። ማዳም ከሐረም ሳትመለስ ልጨርሰው።»

«አትመለሺም። በረኪና ጨምረሻል አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«አንቺው ነሽ። ቪዲዮው ላይ ስታወሪ ሰማሁሽ።»

«ወላሂ እትዬ፣ ወድጄ አይደለም። ማዳም ገብታ ታሸታለች። በዓይኗ አታይም፣ በአፍንጫዋ ነው። በረኪና ካልሸተታት አልጸዳም ብላ እንደገና ነው የምታሠራኝ። የብንቷ ውሃ ደግሞ አይሸትም። ሁለቱም ደስ እንዲላቸው ብዬ ነው።» ሳለች። «እንዳይነግሩብኝ። ተርሒል ትልከኛለች፤ ገና መምጣቴ ነው።»

ተርሒል ወደ አገር የሚባረሩት የሚታጎሩበት ነው። ልጅቷ ሳንባዋ እየነደደ የምትፈራው ተርሒልን ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ በመመዘኛ ወረቀት ተማሪዬን ስፈትን፣ እሷ እቤት በአፍንጫ ትፈተን ነበር፤ የሁለታችንንም ፈተና ለማለፍ ስትል ነው የቀላቀለችው።

ከወዲያ ጫጫታ ተሰማ። ማዳም መጣች። አምቡላንስ በሯ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት ወጥቶ አግኝታለች። ስልኩን ከልጅቷ እጅ ነጠቀችው።

«ማን ነሽ?»

«የልጅዎ አስተማሪ ነኝ።»

ድምፅዋ ትንሽ ረገብ አለ። «ዶክቶራ፣ ይህች ልጅ ምን አድርጋ ነው ያዋረደችኝ? ቤቴን ልታቃጥል ነው? ነገ ወስጄ ለአስቀጣሪው ቢሮ አስረክባታለሁ።»

ስለ ጋዙ ላስረዳት ጀመርኩ። አልሰማችኝም፤ «ነገ አስረክባታለሁ» አለች ደግማ። ያኔ ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም፤ ወይም ከፍርሃት ብዛት ነው። በሕይወቴ ከመመዘኛዬ ውጭ ግማሽ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ዋሸሁ።

«እንደዚያ ካደረጉ ልጅዎ ትወድቃለች» አልኩ።

«ምን?»

«ፈተናዋ ገና አላለቀም። ቤታችሁ በየሳምንቱ ይታያል። በረኪና ከሸተተ ነጥብ የለም።»

«ምን ያህል ነው የሚቀነሰው?»

«ሁሉም። ዜሮ ነው። ሁኔታውም እኩል መሆን አለበት፤ የምታጸዳው ሰው ከተለወጠች፣ ከታመመች፣ በር ከተዘጋባት ሙከራው ይሰረዛል።»

ከኋላዋ ተማሪዬ በአረብኛ «እውነቷን ነው እናቴ፣ ወረቀቱ ላይ አለ» ስትል ሰማኋት። ወረቀቱ ላይ የለም።

«ኸላስ» አለች ማዳም። «በረኪናውን አወጣዋለሁ። ግን ዶክቶራ፣ ሳይሸት መጽዳቱን በምን አውቃለሁ?»

«ልጅዎን ይጠይቋት» አልኳት።

ሹፌሩ ሊወስደኝ ሲመጣ አሁንም ደረጃው ላይ ነበርኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ጂዳ እስክንደርስ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ነው ብሎ አጠፋልኝ።

ከዚያ በኋላ ተማሪዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮዬ ትመጣለች። የሎሚ ጨዉን አሁን የምትመዝነው ራሷ ናት። የሃማሙ በር ክፍት ይሆናል፣ የቤቱ ቁልፍም ከውስጥ ይቀመጣል። እናቷ ትገባለች፣ ታሸታለች፣ ምንም ስለማይሸታት ፊቷን አጥቁራ ትቆማለች፤ ከዚያ «አሁንም ትፈተኛለሽ?» ትላታለች፣ አዎ ስትላት ትወጣለች። የሠራተኛዋ ሳል ቀንሷል፣ ሌሊት ግን ይነሳባታል አለችኝ። እየሰማኋት መጽናናት ሲገባኝ ቀን እቆጥር ነበር፤ ሴሚስተሩ እየተገባደደ ነው። ማርክ ሲገባ ፈተናው ያልቃል፣ ፈተናው ሲያልቅ በረኪናው ይመለሳል።

የማርክ ማስገቢያው ቀን ተማሪዬ በር አንኳኳች። ያን ቀን አላረፈደችም፣ ተምርም አልያዘችም።

«ዶክቶራ፣ ማርኬን አያስገቡ» አለችኝ።

«ያልተሟላ ይሆንብሻል። መመረቅሽ ይዘገያል፤ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። የሠራተኛችን ኮንትራት እስኪያልቅ ድረስ ብቻ።»

አየኋት። ተማሪዬ ስትፈራ ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱ የመካው ዕለት፣ አንዱ ያን ቀን። እኔም ስለ ራሴ ፈራሁ፤ ያለ በቂ ምክንያት ማርክ የሚያዘገይ የውጭ አገር አስተማሪ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ለሌሎቹ ሁሉ ነጥባቸውን ጻፍኩ፣ ከእሷ ስም ፊት «ያልተሟላ» ብዬ ላክሁት።

ከሰዓት በኋላ የመምሪያው ጸሐፊ ስሜን ጠራች። ወደ ጠረጴዛዋ ስሄድ ኢቃማዬን በቦርሳዬ ላይ ዳበስኩት። ማርኳ ያልገባው ተማሪ ምን ጎድሏት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

«አንድ ሙከራ ይቀራታል» አልኳት።